ሃያ ሦስት ቦታ ቢጫ

«ለእማዬ አሁን እንዳይነግሯት። ስሟ ሃያ ሦስት ቦታ ቢጫ ሆኗል።»

ልጄ ፀደንያ ይህን ያለችው እሁድ ጠዋት፣ ከመኝታ ክፍሏ በር ጀርባ ቆማ በስልክ ስታወራ ነው። እኔ ማድ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ያለችው ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ እንደ ብስኩት የሳሳ ስለሆነ ሹክሹክታ አይያዝባትም፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው እኛ ነን። ልጄ ይህን እያወቀች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰው ደግሞ ስለ ዝናብ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ቢላዋዬን አስቀምጬ ጆሮዬን አቀናሁ። «አይ፣ በስልክ አይሆንም፣ መጥታችሁ ብትነግሯት ነው የሚሻለው። መጀመሪያ ቁርሷን ትብላ» አለች። የወዲያኛውን ሰምታ «ሳዋ፣ ሳዋ፣ አራት ሰዓት» ብላ ተስማምታ ዘጋች።

ቁርሷን ትብላ። ይህቺን ቃል የማያውቅ ሐበሻ የለም። አገር ቤት መርዶ በንጋት ይነገራል፤ ናይሮቢ ግን ሰዉ ተራርቆ ስለሚኖር ከቁርስ በኋላ ሆኗል። ሰውየው መጀመሪያ መብላቱ ይጠየቃል። ከዚያ አምስት ስድስት ሆነው ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ያወራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ ራሴ ስንቱን ቤት እንዲህ አድርጌ አንኳኩቻለሁ። በዕድራችን ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእኔ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቶሎ ስለማላለቅስ ይሆናል።

እና ማን ሞተ? ልጄ ከግድግዳው ወዲያ ናት። ባል የለኝም። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። የቀረችኝ አንዲት ሰው ሳውዝ ሲ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ሠርክ ናት፤ እሷን ደግሞ ከአራት ዓመት ወዲህ አላናገርኳትም። እናታችን አሰላ ስታርፍ እኔ የእንቅርት ኦፕራሲዮን አድርጌ አንገቴን ተሰፍቼ ተኝቼ ነበር። ሠርክ መርዶውን ሰማች፤ ሰምታ ለእኔ አርባ ቀን ደበቀች። በየቀኑ እየደወለች ትስቅልኝ ነበር። «እማማ ደህና ናት፣ ተኝታ ነው፣ ነገ ታናግርሻለች» ትለኝ ነበር። ስፌቱ ሲደርቅ አሥራ አንድ ሰው ይዛ አንድ ጠዋት ደረጃዬን ወጣች። ያኔ «ለአንቺ ብዬ ነው» አለችኝ፤ እኔም «ከእንግዲህ ለእኔ ብለሽ ምንም እንዳታደርጊ» አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ በዕድሩ ስብሰባ አዳራሽ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል እንቀመጣለን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በስልክ የሚሰማ ሳቅ አላምንም፤ የሰው ፊት ካላየሁ አላምንም።

ፀደንያ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ላፕቶፑ ተከፍቶ አልጋው ላይ ነበር። ከሉቱሊ መንገድ ያገለገለ የገዛነው ነው፤ ክብደቱ የወፍጮ መጅ ያህላል። ልጄ ኮሌጅ የምትማረው ኮምፒውተር ነው፤ ፓይተን በሚሉት፣ የእባብ ስም ባወጡለት ቋንቋ ፕሮግራም ትጽፋለች። ዕድሩ የአባላቱን መዝገብ ኮምፒውተር ውስጥ አስገቢልን ብሏት ወር ሙሉ ስትታገል ነበር። እኔ መሠረተ ትምህርት የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አላነብም፤ ስሜን ግን ከመታወቂያዬ ላይ በቅርጹ አውቀዋለሁ። ረጅም ነው፤ መነሻው ላይና ወደ መጨረሻው ድንኳን የመሰለ ፊደል ቆሞበታል። ያ ስም ነጩ ሰሌዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ተበትኖ፣ ባለበት ቦታ ሁሉ ከኋላው ቢጫ ተቀብቷል። ሌላው የሰው ስም ሁሉ ጥቁር ነው፤ ቢጫ የእኔ ብቻ። ከታች ደግሞ አንድ መስመር ከዳር እስከ ዳር ቀይ ሆኗል፤ እዚያም ውስጥ ስሜ አለ።

እኔ የምሠራው ኢምባካሲ፣ የአውሮፕላን ሠራተኞች የሚያርፉበት ማረፊያ ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድም ምልክት አለ። እድፉ ያልለቀቀ አንሶላ ጥጉ ላይ ቢጫ ክር ይሰፋበታል፤ ተመልሶ ይታያል ማለት ነው። የተቀደደው ቀይ ክር ይሰፋበታል፤ እሱ አይመለስም፤ ወለል መወልወያ ነው የሚሆነው። እና ስሜን በሁለቱም ቀለም አይቼ ምን ልበል? ፀደንያ ፎጣ ጠምጥማ ወጣችና አየችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሥራ ነው እማዬ። ዴታ ነው» ብላ ክዳኑን ከደነችው። ቀስ ብላ ነው የከደነችው፤ የተኛ ሰው ፊት ላይ ነጠላ እንደምትስብ። «ቁርስ በላሽ?»

«በልቻለሁ» አልኩ። አልበላሁም።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። አቶ ገብረመድህን ናቸው፣ የዕድሩ ሊቀ መንበር። እኚህ ሰውዬ የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ናቸው፤ ሚስት ስታምጥባቸው እንኳ ስብሰባ ካላለቀ ስልክ አያነሱም ይባላል። እሁድ በጠዋት ለእኔ መደወል ምን ቆርጧቸው ነው? «ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ እንደምን አደሩ? ዛሬ ቤት ነዎት? መቼም ቁርስ በልተዋል? በአራት ሰዓት ከኮሚቴው ሆነን ብቅ እንላለን፤ እባክዎ የትም እንዳይወጡ» አሉኝ። «ምን ሆነ?» ብላቸው «ኧረ ምንም፣ ምንም» አሉ። ሁለት ጊዜ። አንድ «ምንም» ምንም ነው፤ ሁለት «ምንም» ግን ሬሳ ነው።

ቁጭ ብዬ አልጠብቃቸውም አልኩ። እኔ ሌላው ላይ የማደርገውን አውቀዋለሁ፤ ትከሻዬን ከግራና ከቀኝ ሊይዙኝ፣ ውኃ ሊያቀርቡልኝ፣ አንዷ ነጠላዬን ልታዘቀዝቅልኝ። አንድ ጊዜ ይበቃኛል። ሠርክ ሞታም ከሆነ እግሬ ሄዶ፣ ዓይኔ አይቶ ይወቅ። ለፀደንያ ቲማቲም ልገዛ ነው ብዬ ዘንቢል አንጠለጠልኩና ወጣሁ። «እማዬ፣ ቲማቲም እኮ አለ!» ስትለኝ ደረጃው ግማሽ ላይ ነበርኩ።

ከካሳራኒ ከተማ ድረስ ሠላሳ ሽልንግ የነበረው የማታቱ ታክሲ ጠዋት ስለዘነበ ሃምሳ ሆኗል። ሌላ ቀን ቢሆን ከረዳቱ ከማካንጋው ጋር አንገት ለአንገት ተናንቄ በሠላሳ ነበር የምሄደው፤ ያን ቀን ሃምሳውን ሰጥቼ ዝም አልኩ፤ ማካንጋው ራሱ ገርሞት ሁለት ጊዜ አየኝ። መንግሥት ማታቱዎቹን ሁሉ ወገባቸው ላይ ቢጫ መስመር ካስቀባ ወዲህ መንገዱ ሙሉ ቢጫ ነው፤ ሌላ ቀን አላየውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ከቲካ መንገድ እስከ ከተማ ስሜ የሚያሳድደኝ ነበር የመሰለኝ። መስኮቱ ላይ ተደግፌ ስለ ሠርክ የማስታውሰውን ቆጠርኩ። ባለፈው ስብሰባ ከስታ ነበር? ወይስ ቀሚሱ ነው ያከሳት? ስትወጣ በር ላይ ቆማ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትፈልግ ነበር፤ እንዳልፍ እየጠበቀችኝ ኖሯል? እኔ ደግሞ ከዕድራችን አባል ከኩለሱም ጋር የማወራ መስዬ በሌላኛው በር ወጣሁ። ከተማ ወርጄ ወደ ሳውዝ ሲ የሚሄደውን ለመያዝ ሁለት መንገድ በእግሬ ስሄድ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ እንዴት እንዳለ ሦስት ጊዜ ነካሁት። ገና አላዘቀዘቅኩትም።

የሠርክ ሕንፃ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የፈለግኩት ድንኳን ነው። የለም። የፕላስቲክ ወንበር የጫነ መኪና አየሁ፤ የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አለፈ። በር ላይ ያለው ዘበኛ፣ አስካሪው፣ ዘንቢሌንና ላቤን አይቶ «ፖሌ ማማ» አለኝ። ኬንያዊ ዕቃ ለከበደውም፣ ለደከመውም፣ እናቱ ለሞተችበትም «ፖሌ» ነው የሚለው፤ ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ግን ምን አየብኝ ብዬ ፊቱን አፍጥጬ ሳየው ጊዜ ሰውየው ግራ ገብቶት ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያ ደግሞ ለለቅሶ ነው የሚወልቀው። ሦስቱን ፎቅ በግድግዳው እየተደገፍኩ ወጣሁ። በሯ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ብቻ ነው ያለው። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይሆንም፤ ወይም ደግሞ ሬሳው ገና ሆስፒታል ነው። አንኳኳሁ።

በሩን የከፈተችው ሠርክ ናት። ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

«አለሽ?» አልኳት። ከአራት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይህ ሆነ።

እሷ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ደረጃውን አየች፤ ሌላ ሰው ከኋላዬ እየወጣ እንደሆነ። ከዚያ ነጠላዬን አየች። «ሌሎቹስ?» አለች። «የት አስቀመጥሻቸው? ማን ነው? እታለም፣ ማንን ነው የደበቃችሁኝ? አስቻለው ነው?» አስቻለው ባሏ ነው፤ ሞምባሳ ወደብ ለሥራ ሄዷል። «አስቻለው ነው አይደል? ትናንት እኮ አናግሬዋለሁ!» ብላ እሪ አለች። የፊት ለፊት ጎረቤት በሯን ከፈተች። እኔ ስንት ቤት መርዶ ያደረስኩ ሴት፣ ምንም መርዶ ሳልይዝ እንዲህ የተለቀሰብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለካስ አራት ዓመት ያልረገጥኩት ደጅ ላይ በእሁድ ጠዋት ብቆም፣ እኔ ራሴ መርዶ ነኝ።

ሁለት እጇን ያዝኳት። «ማንም አልሞተም።»

«ማይልኝ።»

«በእናታችን አፅም። የሞትሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ስላንቺ ነው የመጣሁት።»

አስገባችኝ። ሶፋው ተቀይሯል፤ መጋረጃው ያው ነው፤ እናታችን የሰፋችው የቴሌቪዥን ዳንቴል አለ፣ አንድ ጥጉ ተተርትሯል። እሷ አንደኛው ጫፍ ላይ፣ እኔ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚተኛበት ቦታ ቀረ። የሰማሁትን በአጭሩ ነገርኳት፤ ቢጫውን፣ ቀዩን፣ ቁርሱን። እሷ ቢጎዲኖቹን አንድ በአንድ እያወጣች ጉልበቷ ላይ ደረደረች። አንዴ ብቻ «ስፌቱ ደረቀ?» አለችና አንገቴን አየች፤ አራት ዓመት ሆኖት። «ደረቀ» አልኩ። ከዚያ ተነስታ ለፀደንያ ደወለች። «እናትሽ እኔ ጋ ናት» ስትላት ከስልኩ ውስጥ የልጄ ጩኸት እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀደንያ ላፕቶፑን አቅፋ፣ አቶ ገብረመድህን የእሁድ ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። የቀሩት የኮሚቴ ሰዎች ካሳራኒ ደረጃ ላይ ጠብቀው ጠብቀው ተበትነዋል። «ወይዘሮ ዓለምፀሐይ፣ እንዳይወጡ ብዬዎት!» አሉ።

«ቁርስ በልተዋል ብለውኛላ! ሰው እንዲህ ተብሎ ቤቱ ይቀመጣል?»

ሰውየው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «አይ የእኔ ነገር! ስንመጣ ቁርስ ላቅርብ ብለው እንዳይደክሙ ብዬ እኮ ነው።»

ፀደንያ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችና አጠገቤ ተንበረከከች። «እማዬ፣ ስሚኝ። ፕሮግራሙ ማንንም አይከስም። ሰርች ነው የሚያደርገው፣ ኦኬ? አንድ ስም እሰጠዋለሁ፤ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ይሄድና ስሙ ያለበትን ቦታ ሁሉ፣ ከዚህ ፊደል እስከዚህ ፊደል ብሎ ይይዛል። የያዘው ላይ ምልክት ያስራል። ከዚያ ምልክቱ ያለበትን ቢጫ ቀባ እለዋለሁ። ጽሑፉ ራሱ አይነካም፤ ምልክቱን ስፈታው እንደነበረ ነው።»

«ክር ነው በይኛ።»

«ኤግዛክትሊ! ክር ነው።»

«እና በእኔ ስም ላይ ክሩን ለምን አሰርሽ?»

እዚህ ላይ አቶ ገብረመድህን ገቡ። እያንዳንዱ አባል መዝገቡ ላይ ተጠሪ ያስጽፋል፤ አባሉ ቢታመም ወይም ቢሞት መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ማለት ነው። ልጅቷ መዝገቡን አስገብታ ስትጨርስ አንድ ስም እየተደጋገመ ሲመጣባት ጊዜ ፈለገችው። ሃያ ሦስት አባል ተጠሪዬ ብሎ ያስጻፈው እኔን ነው። «እርስዎ አንድ ቀን ቢታመሙ ሃያ ሦስት ቤት ተጠሪ ያጣል። ስለዚህ ኮሚቴው ለአንድ ሰው ከአምስት አይበልጥ ብሏል። እንደ መሻር እንዳይቆጥሩብን ብለን ነው በአካል ልንነግርዎ የመጣነው። ሸክምዎን እናቅልል ብለን ነው እንጂ...»

«እኛም ልብስ ቤት ቀይ ክር ስንሰፋ ማቅለል ነው የምንለው» አልኳቸው። «ማን ማን ነው? አንብቢው።»

ፀደንያ እየጎተተች አነበበች። ኩለሱም፣ የኢስሊዋ፤ ባሏ ሞያሌ መንገድ ላይ ሲሞት እኔ ነበርኩ የነገርኳት፤ ሱቋን እስክትዘጋ ድረስ ጨርቅ ገዢ መስዬ ቆሜ። ኢዮስያስ፤ የእናቱን መርዶ ፈተናውን እስኪጨርስ ይዤበታለሁ። ፍራኦል። ማርያም። እያንዳንዱን ስም ሰምቼ በሩን አስታወስኩት፤ የቱ ደረጃ እንደሚያዳልጥ፣ የቱ ቤት ውሻ እንዳለ። ለካ መርዶ ያደረስኩበት ቤት ሁሉ ነው ስሜን የጻፈው። እኔ እንደሚፈሩኝ ነበር የማስበው። ከዚያ ልጄ አንድ ቢጫ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ።

«ዝለይው» አለች ሠርክ ከሶፋው ጫፍ።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩ። ልጄ አክስቷን አየች። ሠርክ ቢጎዲኖቿን ከጉልበቷ ላይ ሰብስባ ተነሳች፣ ግን የትም አልሄደችም።

«የአክስቴ ነው» አለች ፀደንያ። «የአክስቴ ሠርክ ተጠሪ አንቺ ነሽ።»

«የድሮ ይሆናል። ሳንጣላ የተጻፈ።»

«አይደለም። በጥር ሁሉም አባል ፎርሙን እንደ አዲስ ሞልቷል። ከአንቺ በስተቀር።»

እውነት ነው፤ ፎርሙን ያመጡልኝ ጊዜ የድሮው ይበቃል ብዬ መልሼዋለሁ። ማንም ነይ አድርጊ ሲለኝ አላደርግም። ሠርክን ላያት ፈለግኩ፤ አንገቴ አልዞር አለኝ። ዳንቴሉን አየሁ፤ የተተረተረውን ጥግ። «ቀዩስ?» አልኩ ዝም ላለማለት ብዬ።

አቶ ገብረመድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቀዩ» አለች ልጄ ቀስ ብላ፣ «ተጠሪው በሕይወት የሌለበት መስመር ነው። አንድ ብቻ ነው ያለው። ያንቺ ነው።» የእናቴን ስም ነበር ያስጻፍኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ስመዘገብ «ተጠሪ?» ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣልኝ እሷ ናት፤ አሰላ ያለች አሮጊት ናይሮቢ የሞተ ሰው እንዴት ትሰማለች ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከሞተችም በኋላ አራት ዓመት ለእኔ የሚጠራልኝ የሞተ ሰው ነበር። ለካ ልጄ በስልክ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ይህቺን መስመር ፈርታ ነው። ክዳኑንም እንደዚያ የከደነችው።

ፀደንያ ዓይኗን ጠረገችና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አደረገች። «እኔን ልጻፍ እማዬ?»

«አንቺ አትሆኚም።»

ፊቷ ጠቆረ። ኬንያ ያደገች ልጅ ናት፤ ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። «ተጠሪ የሚጠራው ለመስማት ብቻ አይደለም። ለልጅ እንዴት እንደሚነገር ለማወቅ ነው። እኔ ስሞት አንድ የማታውቂው ሰው ደውሎ እንግሊዝኛ እየተናገረ እንዲነግርሽ አልፈልግም። አንድ ሰው ቀድሞ ይስማ፤ ሰምቶ ፊቱን ይታጠብ፤ አንቺ ጋ መጥቶ ይሳቅልሽ፤ ያብላሽ። ይህን የሚችል ሰው ነው የሚጻፈው።»

«ማን ይችላል?» አለች።

ከታች ማታቱ ጡሩንባ ነፋ። እኔ አርባ ቀን ሙሉ የእናቷን ሞት በሆዷ ይዛ፣ እያንዳንዱን ቀን ስልክ አንስታ የሳቀች አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው። ያን ሳቅ አራት ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ምን ታደርግ እንደነበር ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

«ሠርክን ጻፊ» አልኩ። «ግን አርባ ቀን አይሆንም። ልጄ ቁርሷን እስክትበላ ብቻ።» ለአቶ ገብረመድህንም ዞሬ «ከሃያ ሦስቱ አንድም አታወጡም። ከበደኝ ያልኩ ቀን እነግራችኋለሁ» አልኳቸው። ሰውየው ሊከራከሩ አሰቡና ትተውት ተቀመጡ።

ፀደንያ ጻፈች። አንድ ቁልፍ ነካች፤ ያ ከዳር እስከ ዳር የነበረው ቀይ ጠፋና መስመሩ እንደ ሰው ሁሉ ነጭ ላይ ጥቁር ሆነ። ቀና ስል ሠርክ ከሶፋው ጫፍ የለችም። ማድ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታዋለች፤ ፊቷን እየታጠበች ይሁን ዕቃ አላወቅኩም። ብዙ ቆየች። ከዚያ ውኃው ተዘጋ።

«እታለም» አለች ከዚያው ሆና፣ «ቁርስ በልተሻል?»

የልጄን ፊት አየሁ። የአቶ ገብረመድህንን ፊት አየሁ። የተደበቀ ምንም አልነበረባቸውም።

«አልበላሁም» አልኳት።